በገጻችን አናት ላይ የነበረችው ጥቁር መስመር

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለተሻገር ወልደሰንበት፤

እንደምን ከረምክ? እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ፣ ዓይንህስ፣ ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ የጎን ውጋትስ እንዴት አድርጎሃል? እዚያ አገር ክረምቱና በጋው የተገላቢጦሽ ነው ሲሉ ስለሰማሁ፣ እኛ ጋ ዝናቡ ሲያባራ ለአንተ ብርዱ ይጀምር ይሁን ወይስ ያብቃ እያልኩ ሁልጊዜ ይምታታብኛል። በደንብ ትበላለህ? ሸሚዝህን ማን ይተኩስልሃል? የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነህ ኮሌታው የነተበ ሸሚዝ ለብሰህ እንዳትዞር፣ አባዬ ከመቃብሩ ይነሳብሃል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አይተሃት የማታውቃት ልጄ ትዝታ ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል፤ ያገኘችውን የክር ጥቅል ሁሉ እየፈታች ሱቁን የሸረሪት ድር አድርጋዋለች። «ፈዛዛዋ» የምትላት እህትህ ረድኤት ደግሞ ዛሬም ፈዛዛ ናት። ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ላስገባ እጀምርና ዓይኔ ዳሞታ ላይ ካረፈ ክሩም መርፌውም ይረሳል። ዛሬ ጠዋት ተራራው እስከ ወገቡ ደመና ተከናንቦ፣ ከደመናው በላይ የቀረው ጫፉ የሌላ አገር መሬት ይመስል ነበር። አንተ እዚያ ላይ ቁጭ ብለህ ቁልቁል የምታየን መሰለኝ። በአባዬ መኪና ላይ የምትሰፋው ሠራተኛችን አሳየሽ «እትዬ፣ ደንበኛ ቆሞልሻል እኮ» ባትለኝ ኖሮ እስካሁንም እዚያው ነበርኩ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስልክህ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አባዬን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ደውለህ አለቀስክ፤ «መምጣት አልቻልኩም» ብለህ ዘጋህ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅህን የሰማ የለም። ግን አንተ የማታውቀው አንድ ነገር አለ። ከመሄድህ በፊት ለሱቃችን የሠራህልን ድረ ገጽ፣ ማን ከየት ሆኖ እንደከፈተው ካርታ ላይ በነጥብ ያሳየኛል። አዲስ አበባ ላይ ነጥብ አለ፣ ጅማ ላይ አለ፣ አረካ ላይ አለ፤ ለሠርግ የወላይታውን ባለ ጥለት ሽመና፣ ዱንጉዛውን፣ የሚያሰፉ ሰዎች ናቸው። እሁድ እሁድ ስድስት ሰዓት ገደማ ደግሞ ከሁሉም ርቃ፣ አንተ በሄድክባት ከተማ፣ ከባሕሩ ዳር ደርባን ላይ፣ አንዲት ነጥብ ትበራለች። ምንም አታዝም፣ ምንም አትጠይቅም፤ ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ «መጣ?» ትለኛለች። «መጣ» እላታለሁ። ከዚያ ምሳ እናቀርባለን።

አንተ ለመሆንህ እርግጠኛ ነበርኩ? አልነበርኩም። ደርባን ትልቅ ከተማ ነው፣ የአገራችን ሰውም ሞልቶበታል። ነጥቧን ባየሁ ቁጥር ግን አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ስልክህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ ፀሐይ በጎን በኩል ጆሮህ ላይ ስታርፍ ይታየኛል። ከመስኮትህ ባሕሩ ይሰማኛል። ባሕር አይቼ ስለማላውቅ የኔ ባሕር ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው።

ገጹ ግን አረጀ ተሻገር። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ልብስ ለብሶ የኖረ ሰው አስበው። በስልክ ሲከፍቱት የማዘዣው ቁልፍ ግማሹ ከጠርዙ ውጭ ይቀራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የማናውቀው ሰው በቀዳዳ ገብቶ በአባዬ ፎቶ ሥር የቁማር ማስታወቂያ ለጠፈብን። በስመአብ! ቁማር ቤት ደጃፍ ቆሞ በማያውቅ ሰው ፎቶ ሥር! ገጹን የሚያኖርልን ድርጅትም ዲዛይኑ ካልታደሰ ከጥቅምት ወዲያ እንደማይከፈት ጻፈልን። በዚህ ሁሉ ላይ ከገጹ አናት ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ወጥታ ነበር። መቼ እንደወጣች አላስተዋልኩም። እርጅና ያመጣው ጭረት መስሎኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉም ይልቅ እሷን ነበር ማጥፋት የፈለግሁት።

እማዬን ላማክራት ስል አሻፈረኝ አለች። «ልጄ በዚያ በር ነው የሚመጣው። ቤቱን ቀለም ቀብታችሁ በሩን አዙራችሁ ብታቆዩት የሰው ቤት መስሎት ይመለሳል» አለችኝ። ፊደል አትቆጥርም፤ ገጹን ግን ከነመልኩ ታውቀዋለች። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን የዱንጉዛ ጥለት፣ ሥሩም ሜትሩን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አባዬን። ያን ጊዜ ስቄባት ነበር። ማታ ማታ ሳስበው ግን እኔም ፈራሁ። መንገድ የለመደ ሰው ምልክቱ ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?

ማኅሌት የምትባል ልጅ አለች፤ ከጎንደር ተመድባ መጥታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የምታስተምር። ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ነው የተዋወቅነው። ልኳን እየወሰድኩ ጭንቀቴን ብነግራት ቁጭ ብላ ሥራህን አየችና «ወንድምሽ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ተሳስቷል» አለች። ደሜ ፈላ! ሜትሩን ወገቧ ላይ ትንሽ ጠበቅ ሳላደርገው አልቀረሁም። ስህተትህ ምን መሰለህ? ያንተን ጌጥና ያንተን ስፌት ሁሉ፣ ሌሎች ሠርተው በሸጡልህ ዲዛይን ላይ በቀጥታ ሰፍተኸዋል። አዲሱ ዲዛይን ሲመጣ አሮጌውን ጠቅልሎ ስለሚያነሳው ያንተም አብሮ ይነሳል። ለብቻው እንደ ገበር አድርገህ ሰፍተኸው ቢሆን ኖሮ ላዩ ሲቀየር ገበሩ ይተርፍ ነበር። አየህ፣ ገብቶኛል። ፈዛዛ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።

ስለዚህ በሥርዓት እንያዘው አለች። መጀመሪያ ገጹን ከነሁለመናው፣ ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ የደንበኞችን ትዕዛዝ ሳይቀር ገልብጠን ሌላ ቦታ አስቀመጥን። ቀጥሎ ከእኛ በቀር ማንም የማያየው መንታ ገጽ ሠራች፤ ሙከራው ሁሉ እዚያ ላይ ይሁን፣ ካማረ ብቻ ወደ ዋናው እንሄዳለን አለች። ሳቄ መጣ። «ይሄማ የአባዬ አቡጀዴ ነው!» አልኳት። ትዝ ይልሃል፣ የሙሽራ ልብስ ሲታዘዝ መጀመሪያ በርካሽ አቡጀዴ ቆርጦ ሙሽራዋ ላይ ሳይለካ ውዱን ጨርቅ በመቀስ አይነካም ነበር። «አቡጀዴ ቢበላሽ ማንም አያለቅስም» ይል ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ቅዳሜ ነሐሴ 24 ማኅሌት ለሥራ ሃላሌ ሄዳ ስለነበር ብቻዬን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። እኛ ሰፊዎች አሮጌ ኮት አምጥተው «ልክ እንደዚህ ስፉልኝ» ሲሉን ምን እናደርጋለን? አሮጌውን ተርትረን፣ ቁርጥራጮቹን አዲሱ ጨርቅ ላይ ዘርግተን፣ በእሱ ልክ አዲሱን እንቆርጣለን። እኔም እጄ በለመደው ሄደ። አሮጌው ካልተተረተረ አዲሱ ከየት ይመጣል ብዬ የዲዛይኑን ፎልደር አጠፋሁት። መንታው ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ዋናው ላይ ነኝ። ገጹን ብከፍተው ነጭ ሆኗል። አባዬ የለም፣ ጥለቱ የለም፣ የሱቃችን ስም የለም፤ ነጭ ብቻ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ደግሞ መብራት ሄደ።

መብራቱ የመጣው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እሁድ እማዬ እንደ ወትሮዋ «መጣ?» አለችኝ። ገጹ ነጭ ሆኖ ሳለ ካርታውም ነጥብ አያሳይም፤ ብትመጣም ባትመጣም የማውቅበት መንገድ አልነበረም። «መብራት የለም እማ» አልኳት። እውነት ነው፣ ግን ውሸትም ነው። ምሳዬን ትቼ ሱቅ ገባሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መኪናው ላይ ተደግፌ ሸለብ አደረገኝና አባዬን አየሁት። ያንን ባዶ ነጭ ገጽ እንደ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በሜትሩ ይለካል፣ በሳሙና ቁራጭ ያሰምራል፣ መልሶ በመዳፉ ያጠፋዋል። «አባዬ፣ የማንን ልብስ ነው?» ስለው «የተሻገርን ነው፤ ልኩ ጠፍቶብኝ» አለኝ። ድምፁ ያው ነው፣ ክር በጥርሱ ነክሶ ሲናገር የሚወጣው። ስነቃ ዝናቡ አባርቶ፣ የደመናው ብርሃን ቢጫ ሆኖ ሱቁን ሞልቶት ነበር፤ ከልቤ አለቀስኩ።

ሰኞ ማኅሌት መጣች። አልተቆጣችኝም። «ቅጂ የምናስቀምጠው ለዚህ ነው» አለችና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉን እንደነበረ መለሰችው። አባዬ ተመለሰ፣ ጥለቱ ተመለሰ፣ ያቺ ጥቁር መስመርም አብራ ተመለሰች። «ይህችንስ ምነው በረሳሻት ኖሮ» ብዬ ቀለድኩ። ከዚያ ማኅሌት ያንተን ዲዛይንና ሻጮቹ መጀመሪያ የሰጡህን ጎን ለጎን ዘርግታ፣ አንተ በእጅህ የነካኸውን እያንዳንዱን መስመር ትለቅም ጀመር፤ ወደ አዲሱ ምን ምን መዛወር እንዳለበት ለማወቅ። ድንገት ጣቷን ስክሪኑ ላይ አቁማ «ረድኤት፣ ይህች መስመር ብልሽት አይደለችም፤ ሰው አስቦ የሠራት ናት። ቀንም ተጽፎባታል፣ ኅዳር 23 ቀን 2016» አለችኝ።

አባዬን በቀበርን በሦስተኛው ቀን! ከመስመሯ ሥር ደግሞ ኮምፒውተሩ የሚዘልላት፣ ገጹ ላይ የማትታይ፣ ውስጡን የከፈተ ሰው ብቻ የሚያነባት ማስታወሻ ነበረች። የጻፍከውን ለአንተው መልሼ ብጽፍልህ አይክፋህ፤ እኛ እንዳገኘነው እንድታውቅ ነው። «አባዬ፣ አፈር ላለብስህ አልቻልኩም። ከሌን እዚህ ለበስኩልህ። ይቅር በለኝ።»

ተሻገር፣ ውሃ ሆንኩ። ማኅሌት አባዬንም አንተንም ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ከል ለብሰህ ደጃችን ድረስ መጥተህ ስትመለስ፣ እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ጭረት ነው ብዬ ላጠፋው! ብንቸኩል ኖሮ ልቅሶህን ማንም ሳያየው አጥፍተነው ነበር። ሌላም ልንገርህ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን። ሰው «ለአባቱ እንኳ አልደረሰም» እያለ ሲያማህ ዝም እል ነበር። በልቤ እኔም አምቼሃለሁ። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ለእማዬ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አላለቀሰችም፤ መዳፏን ስክሪኑ ላይ፣ ልክ መስመሯ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ «እኔ ሚስቱ እንኳ በሙት ዓመቱ ከሌን አውልቄያለሁ። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው ያስወለቀኝ። እሱን ማን ያስወልቀው? እዚያ አገር ማን አለው?» አለች። እጇን ከስክሪኑ አንሥታም «አድሱት ገጹን፤ ከሉን ግን እኔ ነኝ የማወልቅለት» አለች። ያ ሁሉ አሻፈረኝ ማለቷ እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት መንታው ላይ ሠራን። ማኅሌት አዲሱን ዲዛይን አስገባች፤ ያንተን ስፌት ሁሉ ለብቻው እንደ ገበር አድርጋ ስላኖረችው ከእንግዲህ ስንት ጊዜ ቢታደስም አይነካም። በእኔ ስልክ፣ በአሳየሽ ስልክ፣ በተሰነጠቀው የእማዬ ስልክ ሳይቀር ከፍተን ሞከርነው፤ የውሸት ትዕዛዝ ልከን መድረሱን አየን። ጋሽ ቦልቴ፣ ከጉኑኖ ዱንጉዛውን የሚሸምንልን፣ አዲስ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ አሳየነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ቢጫው ታሟል» አለ። እውነቱን ነው፣ ገርጥቶ ነበር፤ የሱን ጨርቅ ስክሪኑ ጎን ይዘን እስኪመሳሰል ድረስ አስተካከልነው። እማዬ በየቀኑ መጥታ አንዴ ራቅ፣ አንዴ ቀረብ እያለች ታየዋለች። አንድ ቀን «አዎ፣ ይሄ የኛው ቤት ነው» አለች።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት፣ ትዕዛዝ በማይበዛበት ሰዓት፣ ሌላ ቅጂ ካስቀመጥን በኋላ ወደ ዋናው ገጽ ተሻገርን። ጥቁሯን መስመር እማዬ እስክትመጣ ብለን ትተናት ነበር። ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጎረቤታችንን ቦሼን አስከትላ መጣች። እጇን በእጄ ይዤ ማውሱ ላይ አስቀመጥኩላት። «ልጄ ተሻገር፣ ሐዘንህ በዚህ ይብቃ፤ ከእንግዲህ ክፉ አያሰማህ» አለችና ተጫነችው። መስመሯ ጠፋች። ቦሼ በወላይትኛ መረቀችህ፤ አሳየሽ መኪናዋን አቁማ ተነሥታ ቆማለች። ሱቁ ውስጥ ያለው ብርሃን ለኔ ብቻ ይሁን እንጃ፣ ተለወጠብኝ። ማስታወሻህን ግን አልነካናትም፤ እንዳለች ወደ አዲሱ ተዛውራለች። ከሥሯ እማዬ ያስጻፈችኝን ጨምሬበታለሁ፦ «እናትህ አውልቃልሃለች።»

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። ከዚያች ነጭ እሁድ ወዲህ ነጥቧ በርታ አታውቅም። ጳጉሜን 2 የለም፣ መስከረም 4 የለም፣ መስከረም 11 የለም። እማዬ ትጠይቃለች፣ እኔ «ገና ነው» እላለሁ፤ ምሳው እየቀዘቀዘ እንቀመጣለን። ነጩን አይተህ «ዘጉብኝ» ብለህ ከሆነ፣ በአባዬ አጥንት፣ ማንም አልዘጋብህም። እህትህ ናት በስህተት የተረተረችው።

ማኅሌት አሮጌ ፓስወርድ ሁሉ መቀየር አለበት ብላ የእኔንም የአሳየሽንም ቀየረች፤ የቁማሩ ሰው የገባው በአሳየሽ ነበር። ያንተ ላይ ስትደርስ እማዬ «በሩ ይቀየር፤ የልጄ ቁልፍ አይቀየርም» አለች። ማኅሌት እንደ ደንቡ ትክክል እንዳልሆነ ልታስረዳት ሞክራ ነበር፤ ከእማዬ ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ? ባንተ በኩል ማንም ክፉ ሰው እንዳልገባ መርምራ አረጋገጠችና፣ አንተው መጥተህ እስክትቀይረው ድረስ ተወችው። ይህን ደብዳቤ ያስቀመጥኩት ባለ ቁልፍ ብቻ በሚገባበት በገጹ ውስጠኛ ክፍል ነው። ፊት ለፊት ደግሞ በአባዬ ፎቶ ሥር በደቃቃ ፊደል «ጓዳው ክፍት ነው» ብለን ጽፈናል። ደንበኛ ቢያየው ምንም አይለውም፤ አንተ ግን የቤት ልጅ ነህ።

እማዬ ጣፈጠች «ዓይንህን ሳላይ አልሞትም፣ ጎንህን ሸፍነህ ተኛ» ትልሃለች። ትዝታ ፎቶህን ስትስም ምራቋን ቀብታዋለች፤ ሰላምታዋ ያ ነው። አሳየሽ በመኪናዋ ድምፅ ሰላም ትልሃለች። ጋሽ ቦልቴ በወላይትኛ «ሳሮ» ሲል ሰላም ብሎሃል፤ ለአንተ የሚሆን ዱንጉዛ ድሩን ዘርግቷል፣ ልክህን ግን አናውቅም። ቦሼም፣ ማኅሌትም ሳትተዋወቁ ሰላም ብለውሃል። ቅዳሜ መስቀል ነው፣ እሁድ የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ፤ የኛም የጎረቤቶቻችንም በዓል ዘንድሮ ተከታትለው መጡ። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ እማዬ ነጠላዋን ሳታጥፍ ትጠይቀኛለች። ይህን እያነበብክ ከሆነ ገብተሃል ማለት ነው። እኔም «መጣ» እላታለሁ፣ ምሳ እናቀርባለን።

እህትህ ረድኤት ወልደሰንበት

ወላይታ ሶዶ፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.